ቢላዋ ያልደረሰለት አጋዘን

ገላው ወንድይፍራው ጥርስ ሠሪ ነው። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ከአንድ የጫማ መደብር ጀርባ ባለች ላብራቶሪ ተቀምጦ፣ ሐኪሞች የሚልኩለትን ልኬት እያየ ለሰው አፍ የሚሆን ጥርስ ሲሞርድ ይውላል። በዚህ ሥራ የጸጉር ያህል ስህተት ባለጥርሱን እህል ያስጠላዋል፤ ስለዚህ ገላው የጸጉር ያህል ስህተት አይወድም። አመሉ እዚያው በሥራ ቦታው ቢቀር ምንም አልነበረም። እሱ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቱ ገብቶም የተንጋደደ ምንጣፍ ሲያቃና፣ ያዘነበለ ስዕል ሲያስተካክል ነው የሚያመሸው። ሚስቱ ስሂን፣ "ይሄ ሰው ያገባኝ ለክቶኝ መሆን አለበት" ትላለች።

እንዲህ ያለው ሰው ዋሸ ቢባል ማን ያምናል? ዋሸ እንጂ። ያውም ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ያውም አማቱን። ነገሩ የጀመረው ደግሞ በጥይት ነው።

ገላው ጉለሌ ሲያድግ ጠመንጃ የሚያውቀው በዘበኛ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አደን ያስለመደው እዚሁ አገር፣ አብሮት ጥርስ ይሠራ የነበረ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ጡረታ ሲወጣ ጠመንጃውን ለገላው ለቀቀለት። ጠመንጃው የሚጎርሰው ማግነም የሚሉትን ጥይት ነው። ማግነም ማለት፣ ለማያውቅ ሰው፣ ከተራው ጥይት የበለጠ ባሩድ የሚይዝ፣ አረሩንም በዚያው ልክ አርቆና አፍጥኖ የሚወረውር ማለት ነው። የሽማግሌው ማግነም ዱሮ የተሠራው ዓይነት ነበር፤ ረዘም ያለ፣ ሥሩ ላይ ቀበቶ የመሰለ ቀለበት የዞረበት።

ገላው ጥይት ገዝቶ አይተኩስም፤ ራሱ ይሞላል። የተተኮሰውን ቀለህ ሰብስቦ ያጥባል፣ ከቤቱ ሥር ባለው ቤዝመንት ውስጥ በተከለው የብረት መጭመቂያ ወደ ልኩ ይመልሰዋል፣ አዲስ መለኮሻ ያስገባለታል፣ ባሩድ በሚዛን መዝኖ ይጨምርበታል፣ አረሩን አናቱ ላይ ይተክላል። "ሪሎድ ላደርግ ነው" ብሎ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ቤዝመንት ሲወርድ ስሂን ቴሌቪዥኑን ለብቻዋ ታገኛለች፤ በዚህ ቅር ብሏት አያውቅም።

ሌሎቹ አዳኞች ማግነም የሚይዙት ለኃይሉ ስለሆነ የመሙያ መጽሐፉ ከሚፈቅደው ከፍተኛውን መጠን ይሞላሉ። ገላው ዝቅተኛውን ነበር የሚሞላው። አረሩንም ሥጋ ሲነካ ቶሎ የማይፈረካከሰውን፣ ጠንካራውን ይመርጣል። በርክ በምትባል ከተማ የሚኖረው የአደን ጓደኛው ዋቅጅራ፣ የቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ የሚጠግን፣ ነገር አዋቂና ተጫዋች ጴንጤ ነው፤ እሱ ይህን ባየ ቁጥር፣ "መርሴዲስ ገዝቶ በአንደኛ ማርሽ መንዳት" እያለ ያበሽቀው ነበር። ገላው እንዲህ ያደረገው ቆጥቦ ወይም ፈርቶ አልነበረም። ለእማማ እታለማሁ ሲል ነው።

እማማ እታለማሁ የስሂን እናት ናቸው። የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ መጥተው፣ የልጅ ልጁ አድጎ ኮሌጅ ሲገባ እሳቸው እዚያው ቀሩ። አፋቸው ውስጥ ያለውን ጥርስ የሠራላቸው ገላው ነው፤ ሦስት ጊዜ አፍርሶ በአራተኛው ልክ አድርጎላቸዋል። ለሰው ሁሉ፣ "አማቼ በሰባ አምስት ዓመቴ ጥርስ አበቀለልኝ" ይላሉ። ከወንዶች ልጆቻቸው ይልቅ የሚያምኑት እሱን ነበር፤ ይህንንም ወንዶች ልጆቻቸው ባሉበት ይናገራሉ። ገላው በበኩሉ እናቱን በልጅነቱ ያጣ ሰው ስለሆነ፣ ይህ እምነት ከምንም ነገር በላይ ይጣፍጠው ነበር።

የእማማ ሕግ አጭር ነው። እንስሳ በሕይወቱ እያለ በክርስቲያን እጅ፣ በሥላሴ ስም ካልታረደ በክት ነው። ጥይት ገዳይ እንጂ አራጅ አይደለም። አደን የሚፈቀደው የነቢያት ጾም በሚያዝበት ሰሞን በመሆኑ ሥጋው ፍሪዘር ገብቶ ገናን ይጠብቃል። ገና ደርሶ ጥብሱ ሲቀርብ፣ እማማ እጃቸውን ሳይሰነዝሩ ወደ ገላው ዞር ይሉና ይጠይቁታል።

"በነፍሱ ደረስክበት?"

"በነፍሱ ደረስኩበት፣ እማማ።"

ከዚያ ያማትባሉ፤ ይበላሉ። ሌላ ምስክር ጠይቀው አያውቁም። ይህች ቃል እውነት እንድትሆን ነው እንግዲህ ገላው ማግነሙን በትንሽ ባሩድ ያዘገመው። ዌስት ቨርጂኒያ ተራራ ላይ አድፍጦ አጋዘኑ ሰማንያ እርምጃ ያህል እስኪቀርበው ይጠብቃል፤ ትከሻው ላይ ከፍ አድርጎ ይመታዋል፤ አጋዘኑ ይወድቃል፣ ነፍሱ ግን አትወጣም። ገላው ቢላዋውን መዞ ይሮጣል፤ አንገቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ በስመ አብ ብሎ ያርደዋል። አሥራ አንድ አጋዘን እንዲህ አርዷል።

ዋቅጅራ ግን በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ ገበያ የወጣውን አዲሱን አጭር ማግነም ገዝቶ ስለነበር፣ መኪና ውስጥ ከገቡ ጀምሮ ተራራው ድረስ ስብከቱ እሱው ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ቀበቶ የታጠቀ ጥይትህ እኮ ጡረታ መውጣት ነበረበት። ቀበቶው ምን ይሠራልሃል? ቀለሁ ከቀበቶው በላይ እየተለጠጠ ይሳሳል፤ ጥቂት ጊዜ ከሞላኸው ይሰነጠቅብሃል። የኔን እየው። አጭር፣ ወፍራም፣ ቀበቶ የለ፣ ጣጣ የለ። ባነሰ ባሩድ ያንተን ፍጥነት ያመጣል። ጠመንጃውም ይቀላል።"

"ያንተ ድንቡሽቡሽ መቀርቀሪያውን ስትገፋው እየተንገራገጨ ነው የሚገባው" ይላል ገላው። "የኔ ሰተት ይላል። ደሞ ጥይት ቢያልቅብህ የትኛው የገጠር ሱቅ ነው ያንተን የሚሸጥልህ? የኔ ከዳቦው ጎን ይሸጣል።"

ሁለቱም ልክ ናቸው። ግን የሁለቱም ሆድ ውስጥ ያለው ክርክር ሌላ ስለነበር፣ አንድ ቀን ዋቅጅራ አወጣው።

"አንተ የምትተኩሰው እንዳይሞት ነው። ይሄ ምሕረት ነው ወይ? በአንድ ጥይት ፀጥ ብታደርገው አይሻልም? በምስጋና የተቀበሉት ሁሉ ንጹሕ ነው ይላል ቃሉ።"

"እሱን ለእማማ ንገርልኝ እስቲ።"

ዋቅጅራ ሳቀ። ጉባኤ ፊት ቆሞ የሚሰብክ ሰው ነው፤ እማማን ግን ይፈራል።

በፈረንጆቹ 2006 ዓ.ም. ኅዳር ማብቂያ ላይ ገላው አንድ ቀንዳም አጋዘን አለመ። ቃታውን ሲስብ አጋዘኑ ዞር አለ። ዝግተኛዋ ጥይት ትከሻውን ስታ ወገቡን መታችው። አጋዘኑ የኋላ እግሮቹን እየጎተተ ጫካው ውስጥ ገባ። እስኪጨልም ደም እየተከተሉ ፈለጉት፤ ከዚያ ዝናብ መጣና ደሙን አጠበው። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ገላው በወደቀ ግንድ ሥር አገኘው። በሕይወት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ በፊት እግሮቹ መሬቱን ሲቆፍር አድሮ ዙሪያው ታርሷል። ገላውን ሲያየው ሊነሳ ሞከረ፤ አቃተው፤ ከዚያ ዝም ብሎ አየው።

አረደው። በሕጉ መሠረት ከዚያ ሥጋ የነጻ ሥጋ አልነበረም። በገናው እማማ በነፍሱ ደረስክበት ሲሉት ደረስኩበት አለ፣ እውነቱን ነበር፤ በሕይወቱ አንድ ጉርሻ አልወርድ ያለው ግን የዚያን ቀን ነው። አፍሮ ነበር። ከእግዚአብሔር ይልቅ አጋዘኑን አፈረው። እንደዚያ ያለ ዐይን ሁለተኛ ማየት አልፈለገም።

በቀጣዩ ዓመት በጋ ላይ አጭሩን ማግነም ገዛ። ዋቅጅራ ደስ ብሎት ቤዝመንቱ ድረስ መጣ፤ ቁጭ ብለው አብረው ሞሉ። በዚህ ጊዜ ባሩዱ ሙሉ፣ አረሩም ሥጋ ሲነካ የሚከፈተው ዓይነት ነበር። ጥፋቱ የአዲሱ ቀለህ እንዳልሆነ ልብ በሉ፤ ገላው ቢፈልግ እሱንም ማዝገም ይችል ነበር። አልፈለገም።

ኅዳር ላይ አንድ አጋዘን ሁለት መቶ እርምጃ ላይ መታ። እንስሳው እንደቆመ ወደቀ፤ እግሩን እንኳ አላንፈራገጠም። ገላው እንደልማዱ ቢላዋውን መዝዞ ሮጠ። ሲደርስ የአጋዘኑ ዐይን ተከፍቶ፣ ብሌኑ ላይ ደረቅ ቅጠል ተለጥፎበታል። ገላው ቅጠሉን በጣቱ አነሳው። ዐይኑ አልተርገበገበም። ቢሆንም አንገቱን ወደ ምሥራቅ አዞረ፣ በስመ አብ አለ፣ አረደ። ደሙ አልፈነጠቀም፤ ዝም ብሎ ወረደ። ከኋላው የደረሰው ዋቅጅራ፣ "ጎሽ፣ ምንም ሳይሰማው ነው የሄደው" አለው። ይህም እውነት ነበር።

ሥጋውን ለዋቅጅራ ሰጥቶ ባዶ እጁን ቢመለስ ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። "እንዲህ ሆነ ብዬ እነግራቸዋለሁ" ብሎ ይዞ ገባ። ጾሙ አርባ ሦስት ቀን ነው፤ አርባ ሦስቱንም ቀን ነገ እነግራቸዋለሁ ሲል ከረመ። የገና ዕለት ዘመድ ተሰበሰበ፣ ጥብሱ ቀረበ፣ እማማ ዞር አሉ።

"በነፍሱ ደረስክበት?"

ሰው ሁሉ ምግቡ እንዲጀመር ይጠብቃል። ገላው ሌላ ቃል አፉ ላይ አልመጣለትም።

"በነፍሱ ደረስኩበት፣ እማማ።"

እማማ አማተቡና በሉ። አጠገባቸው የተቀመጡት ጓደኛቸው ወይዘሮ ሸዋረገድም በሉ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ከበልትስቪል ልጃቸው እያመጣቸው ገናን እዚህ ቤት የሚውሉ፣ ከእማማም የባሱ ጥብቅ ሴት ናቸው፤ ሰው ቤት ውኃ እንኳ ጠይቀው ነው የሚጠጡት። እንዲህ ያሉት ሴት የሱን በክት ሲያላምጡ ገላው እያየ ወጡን ለሌላው እንግዳ ያዞር ነበር።

አንድ ጊዜ የዋሸ ሰው ሁለተኛውን የሚዋሸው የመጀመሪያውን ለመሸፈን ነው ይባላል። ገላው ግን በሁለተኛውም ዓመት፣ በሦስተኛውም ዓመት በዚያችው ጥይት እየተኮሰ፣ ያንኑ ቃል እየደገመ፣ ራሱን የሚያጽናናው በሌላ ነገር ነበር። አጋዘኑ አልተሰቃየም፤ አሮጊቶቹ አላወቁም፤ ማን ተጎዳ? ቀን ቀን ጥርስ ሲሞርድ ይህ ሒሳብ ልክ ይመጣለታል። እቤት ገብቶ እማማ "መጣህ ልጄ" ሲሉት ግን ይፈርስበታል። እየሸሻቸው መጣ። እሳቸው ሥራ በዝቶበት ነው ብለው ያዝኑለት ነበር፤ ይህም ባሰበት።

በፈረንጆቹ 2010 ጥቅምት ላይ ወይዘሮ ሸዋረገድ ታመው ዐረፉ። ለቅሶ ቤት እማማ በሴቶቹ መካከል ተቀምጠው፣ "ሰማንያ ዓመት ሙሉ አንድ ጾም ያልገደፈች፣ አንድ ቀን ርኩስ ያልቀመሰች" እያሉ አለቀሱ። ገላው በር ላይ ወንበር እያቀበለ ነበር። ወንበሩን አስቀምጦ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ለሴትዮዋ ሊነግራቸው የሚችልበት ጊዜ ሁሉ አልፎ ነበር።

በሳምንቱ ለንስሐ አባታቸው ለአባ ኃይለልዑል ተናገረ። አባ አዳመጡትና ስግደት ሰጡት። ከዚያ፣ "ለእኔ ነግረህ ለእሳቸው ከደበቅህ ግማሽ ንስሐ ነው። ዛሬ ነገ አትበል፣ ንገራቸው" አሉት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነገራቸው። እማማ ሳሎን ዳዊታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ገላው ቆሞ ሁሉንም ተናገረ፤ ግንድ ሥር ያደረውን አጋዘን፣ አዲሱን ማግነም፣ ዐይኑ ላይ የነበረውን ቅጠል። እማማ አላቋረጡትም።

"ስንት ገና?" አሉ ሲጨርስ።

"ሦስት።"

"ሸዋረገድም?"

"በልተዋል።"

ዳዊታቸውን ዘግተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ገላው ይቆጡኛል፣ ይረግሙኛል ብሎ ነበር የጠበቀው። እንዲያ ቢያደርጉ ይሻለው ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ እማማ ቁርስ ተዉ። ስኳር አለባቸው፤ አባ ከዓመታት በፊት በጾምም ቢሆን ጠዋት ቀምሰው መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ ፈቅደውላቸዋል። አሁን ግን ጀምበር ሳትጠልቅ ውኃ እንኳ አይቀምሱም። ስሂን ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች። በአምስተኛው ቀን ደረጃው ላይ ስኳራቸው ወርዶ፣ በላብ ተጠምቀው ተቀምጠው አገኘቻቸውና በግድ ጭማቂ አጠጣቻቸው። ያን ዕለት ገላው ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ነው የጠበቀችው።

"ስትዋሽ ደህና ነበሩ" አለችው። "ይሄው፣ አንተ ቀለለህ፤ እናቴን ግን ልትገድልልኝ ነው።"

ገላው እውነት ከተናገረ ጀምሮ አንድም ሌሊት ደህና እንቅልፍ አልተኛም፤ ይህን ብሎ ግን ለሚስቱ ሊነግራት አልደፈረም። ለአባ ደወለ። አባ ደነገጡ። "እኔ ለእሳቸው ምንም ቀኖና አልሰጠሁም። ሳያውቁ ነው የበሉት፣ አይጠየቁበትም። ይህንን ከአባ ሰምቻለሁ ብለህ ንገራቸው" አሉት።

ገላው በማግስቱ ከሥራ ቀረ። አጥሚት አፍልቶ፣ አብርዶ፣ እኩለ ቀን ላይ የእማማን በር አንኳኳ። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ፊታቸው መንምኖ ጥርሱ ሰፍቷቸዋል። ኩባያውን አጠገባቸው አስቀምጦ ወለሉ ላይ ተንበረከከ።

"እማማ፣ አባን ጠይቄአለሁ። ባለማወቅ የበሉት ኃጢአት አይሆንብዎትም ብለዋል። በእኔ ነው። እኔ እየሰገድኩ ነው። እባክዎን ይችን ብቻ ይቅመሱልኝ።"

"ለሥጋው መሰለህ?" አሉት።

ገላው ቀና አለ።

"ሸዋረገድ የመጀመሪያው ገና ላይ ሳህኑን ገፍታ ነበር። የጠመንጃ ሥጋ አላምንም አለችኝ። ቀስ ብዬ ማልኩላት።"

"እርስዎ ምን ያውቃሉ፣ እማማ? የነገርኩዎትን ነው የማሉት።"

"በማን የማልኩ ይመስልሃል?" አሉ እማማ። ድምፃቸው ደክሟል፣ ቁጣ ግን የለበትም። "ከአንተ በላይ የማምነው ሰው አልነበረኝም። 'ገላው ይሙት፣ በነፍሱ ደርሶበታል' አልኳት። በዓመቱም እንዲሁ አልኳት። በሦስተኛውም። በሐሰት ሦስት ጊዜ ሞትህን ጠራሁ። አሁን እሷ የለችም፤ መሐላዬን ልመልስ ብል የምመልስላት አጣሁ። ፈጣሪ ግን ሰምቶኛል። እንግዲህ ቃሌን እንዳይቀበለኝ ነው የምለምነው።"

ገላው ጉልበታቸውን ይዞ አለቀሰ። እማማ እጃቸውን ራሱ ላይ አደረጉ፤ እጃቸው በጣም ቀዝቃዛ ነበር።

"እስከ መቼ ነው፣ እማማ?" አላቸው ሲረጋጋ።

"ለአንዱ መሐላ አርባ ቀን ነው የያዝኩት" አሉና ኩባያውን በጣታቸው ወደ እሱ መለሱት። የዚያን ዕለት ገና ስድስተኛ ቀናቸው ነበር።